የፍየል ቆዳ ሙጫ

ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ «ቼሎ እጫወታለሁ» ብዬ የጠያቂውን ፊት ማየት ልማዴ ሆኗል። አዲስ አበባ ከሆነ «ያ ትልቁ ቫዮሊን?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ደብረ ታቦር ከሆነ ግን እኔን የሚጠይቅ የለም፤ አባቴን ነው የሚጠይቁት። አባቴ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው። «ልጅዎ አዲስ አበባ ምን ትማራለች?» ሲባሉ «ትምህርት» ይላሉ። ጠያቂው ቀሪውን ሲጠብቅ እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

አባቴ ብራና ፋቂና ቁም ጸሐፊ ናቸው። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ጠጉሩንና ስቡን ፍቀው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስተው፣ በመቃ ብርዕ ዳዊት ይጽፉበታል። ቆዳውን ከእብናት ገበያ ያስመጣሉ፤ የደጋ ፍየል ስብ ይበዛዋል ብለው አያምኑትም። ግቢያችን ውስጥ አንድ ቆዳ ሳይወጠር የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ልጅ ሳለሁ ልብሴ ሁሉ ቆዳ ቆዳ ይሸት ስለነበር ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። በዓል ሲሆን ደግሞ አባቴ ማህሌት ይቆማሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው። እናቴ ሴቶች ከሚቆሙበት በኩል ይዛኝ ስትቆም፣ ከዚያ ሁሉ ካህን መካከል የሳቸውን ድምፅ ለይቼ አወጣ ነበር።

ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባሁት ፒያኖ ልማር ብዬ ነው። አስተማሪዎቹ ጣቶቼን ገልብጠው አዩና «ፒያኖው ሞልቷል፤ ቼሎ ግን ሰው የለውም» አሉኝ። አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ ደግሞ ለሁሉም ሰው እንዲታወቅ አድርጌ ነው። አስተማሪዬ ኩርፊያዬን አይቶ እንዳላየ ሆነና ደጋኑን በወፍራሙ ክር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ያ የማህሌቱ ድምፅ፣ የአባቴ ድምፅ፣ ከእንጨቱ ሆድ ወጣ። እሳቸው የገቡ መስሎኝ በሩን ዞሬ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ፒያኖ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ይህን ለአባቴ በጊዜው ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለ። አልነገርኳቸውም። በደጋን የሚመታ ክር እኛ አገር የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ከጠጅ ቤት ጋር አብሮ ይነሳል። የአንድ መሪጌታ ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች? አንድ ቀን ለእናቴ «በገና እንኳ ቢሆን ምን ነበረበት» ሲሏት በመስኮት ሰምቻለሁ። በገና የዳዊት ነው፤ ሰው ፊት ይወራል። ቼሎ የማን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሁለት ጊዜ ሞከርኩና ተውኩት።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ እመልስ ነበር፤ ለመልስ ሰንፌ አላውቅም። አልከለከሉኝምም። ዝም ብለው አይጠይቁኝም ነበር። እቤት ስመጣ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ አዲስ አበባ ዘነበ ወይ ይላሉ። የምማረውን ነገር ግን እንደ ነውር ዕቃ ዞረውት ያልፋሉ። ይህ ነገር ከስድብ በላይ ያመኝ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ገና በዓል ላይ ቼሎውን ይዤ ወደ አገሬ መጣሁ። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በኋላ የመመረቂያ ፈተናዬ ነበረ፤ መምህራኑ ሁሉ ተቀምጠው፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ብቻዬን አርባ ደቂቃ የምጫወትበት። ለሁለት ሳምንት ሳልለማመድ ብቀመጥ አለቀልኝ። ትምህርት ቤቱ የነበረው ቼሎ ሁለት ሲሆን የአንዱ አንገት ከተሰበረ ቆይቷል። ደህነኛውን ልመናዬ ካደከማቸው በኋላ በፊርማ አስወጣሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው «አንድ ነገር ቢሆን ወንድ ልጅ እንደገደልሽ ቁጠሪው» ብሎኛል። በቼሎው ማህደር ጀርባ ላይ የንብረት ቁጥሩ በነጭ ቀለም ደምቆ ተጽፏል።

ወረታ ድረስ በአውቶቡስ ወንበር ገዝቼለት እንደ ሰው ተቀምጦ መጣ። ከወረታ በኋላ ግን የሚኒባሱ ረዳት ወይ ፍንክች አለ። ጣሪያ ላይ፣ በሽንኩርት ማዳበሪያዎች መካከል አሰረው። የዓለም ሳጋን ደን አልፈን ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ገመዱን እያየሁ መጣሁ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ልጄ፣ ያመሻል?» ብለው ሎሚ ሰጡኝ።

ያን ሰሞን ውርጩ ለጉድ ነበር። በነጋታው ጠዋት ቼሎውን አውጥቼ መቃኘት ስጀምር ከሆዱ ውስጥ ዝንብ የታሰረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዳሰስኩት። ከታች በኩል፣ ጀርባውና ጎኑ በተጋጠሙበት መስመር ላይ፣ ጥፍሬ ገባ። ስንዝር ተኩል ያህል ተላቋል። ከክፍተቱ ጫፍ ደግሞ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወደ ጀርባው መሄድ ጀምራለች። መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥሩ ማዕዘን ላይ ነው። እዚያ ቆሜ አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። «አትደንግጪ፤ ደረቅ ብርድ ሲነካው እንዲህ ይሆናል። ግን አውቶቡስ ላይ እንዳታወጪው፤ ስንጥቋ እስከ ላይ ትሄዳለች። ኮላ ደግሞ እንዳታስነኪ! የሱ ሙጫ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራው ነው። እኛ ጋ የነበረችው ጣሳ አልቃለች፤ ከየት እንደምናገኝ እንጃ» አለኝ።

ይህን ሲነግረኝ ዓይኔ ግቢው ላይ ነበር። ግቢው ላይ ደግሞ አባቴ የፍየል ቆዳ ወጥረው እየፋቁ ነበር። እግራቸው ሥር የብራና ቁርጥራጭ ተከምሯል። የመጽሐፍ ድጉሳቸውን፣ ያን የቆዳ ልባስ፣ በምን ሙጫ እንደሚያጣብቁ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ድስቱን እኔው ነኝ የማጥበው። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነጠላዬን ለብሼ ወደ ከተማ፣ አናጢ ቤት ሄድኩ።

አናጢው የቁም ሣጥን ሠሪ ነው። ነገሩን ስነግረው የነጭ ኮላ ጣሳውን መታ መታ አድርጎ «እህቴ፣ ይሄን ካስነካሁልሽ እስከ ዕለተ ምጽአት አይከፈትም» አለኝ። እሱ ሊያጽናናኝ ነው። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። ወደፊት ደረቅ ወራት በመጣ ቁጥር መጋጠሚያው እንቢ ሲል እንጨቱ ሲሰነጠቅ ታየኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ሁለት ቀን እንዲሁ ስዞር ዋልኩ። አንድ አባቴን ላለመጠየቅ አራት ዓመት የተማርኩትን ልጥል ነበር። ኩራት እንዲህ ያለ ደደብ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ፀሐይ ላይ ሲፍቁ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ሙጫ አለዎት?»

«ለምን?»

«ዕቃዬ ተከፍቶብኝ ነው።»

መፋቂያውን አስቀመጡ። «አምጪው።»

አመጣሁት። ማህደሩን ግን ቁጥሩ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ነጠላ ጣል ተደርጎበት፣ እቤት ቀረ። አባቴ ቼሎ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እጃቸውን ታጠቡ። ጋቢያቸውን አንጥፈው አስተኙት። በጥፍራቸው ሆዱን ቆረቆሩት፣ ቀጥሎ ጀርባውን። ክፍተቱ ላይ አፍንጫቸውን አድርገው አሸተቱ። «ሁለት ዓይነት እንጨት ነው። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ጠንካራ» አሉ። መስመሩን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ዙሪያውን ሄዱና «ሠሪው ሰው ነበር» አሉ። በአባቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ የጻፏቸውን መጻሕፍት ሁሉ ቆጥረው ለራሳቸው እንኳ ብለውት አያውቁም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የማን ነው?»

አባቴ የሰው ንብረት አይነኩም። አንድ ጊዜ የአንድ ገዳም መጽሐፍ ሊያድሱ ተሰጥቷቸው፣ መጽሐፉ ቤታችን እስካለ ድረስ ጥላ ይዘው ነበር ወደ ግቢው የሚወጡ፤ ዝናብ ቢነካውስ እያሉ። የመንግሥት ነው ብላቸው ወዲያው «ለባለቤቱ መልሺ» እንደሚሉ አውቃለሁ።

«የራሴ ነው» አልኩ።

«ገዝተሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ዕቃውን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ምን እንዳሰቡ አላወቅሁም። የአባቴን ዓይን እያየሁ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀላል መሆኑ ራሱ አስደነገጠኝ።

የብራና ቁርጥራጩን ሰብስበው በትንሿ ድስት ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉና ከሰል ላይ ጣዱት። «እንዳይፈላ ጠብቂው። ከፈላ ይሞታል።» ከረፋድ እስከ ቀትር ድረስ እያማሰልኩ ጠበቅኩ። ማር መስሎ ሲወፍር በጣታቸው ነክተው፣ ሁለቱን ጣቶች አጣብቀው፣ አላቀቁ። «ብዙ አይቀባም። ይሄ እንጨት ወደፊትም ይደርቃል። ያኔ ሙጫው ይልቀቅ እንጂ እንጨቱ አይሰንጠቅ፤ ሙጫ እንደገና ይቀባል።»

«አስተማሪዬም እንዲሁ ነው ያለኝ።»

«አዋቂ ነው» አሉ። ስለ ትምህርት ቤቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ያ ነበር። አጎንብሼ ድስቱን አማሰልኩ፤ ፊቴን እንዳያዩት።

«አሁን ማሰሪያ ያስፈልጋል። ገመድ ይቆርጠዋል። መቀነት ፈልጊ፤ ረጃጅሙን፣ ሦስት ያህል።»

እናቴ የራሷን ፈትታ ሰጠችኝ። የቀሩትን ሁለቱን ከጎረቤት ለመለመን ወጣሁ። አንደኛዋ ጎረቤታችን መቀነቷን እየፈታች «ማን ወለደች?» አለችኝ፤ እኛ ዘንድ መቀነት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የአራስ ሆድ ሊያስር ነው። «ማንም» ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ አባቴ ሥራውን ጀምረዋል። «በክፍተቱ አስገብቼ ስንጥቋ ላይ ከውስጥ በኩል ብራና ለጥፌበታለሁ። አታልፍም» አሉኝ። ጣታቸው ላይ ቀለም ነበር። ጣታቸው ላይ ቀለም የሌለበት ቀን ስለሌለ ልብ አላልኩትም።

በቀጭን እንጨት ሙጫውን በክፍተቱ ውስጥ አስገብተው ጠረጉት፤ ከዚያ እኔ ግራና ቀኙን ተጭኜ እሳቸው መቀነቶቹን እየዞሩ አጠበቁ። ሁለት ቀን መደቡ ላይ ጋቢ ለብሶ ተኛ። እናቴ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ጋቢውን ታስተካክልለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፈታነው። መስመሩን ብፈልገው አጣሁት። ክሮቹን ቀስ እያልኩ ሳጠብቅ አባቴ መቋሚያቸውን አነሡ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ማህሌት አለብኝ» ብለው ወጡ።

ቀኑ ምንም በዓል አልነበረም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። በሩ ሲዘጋ ደጋኑን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከዚያ የፈተናዬን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ዝንቧ የለችም። ድምፁ እንዲያውም ከበፊቱ ጠርቷል። እፎይ ብዬ አለቀስኩ፤ ደግሞ ጥለውኝ ስለሄዱ ተናድጄ አለቀስኩ። ሁለቱን ለመለየት ጊዜ አልነበረኝም፤ የአውቶቡስ ትኬቴ ለማግስቱ ነበር።

ፈተናውን አለፍኩ። በዓመቱ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቼሎውም ያው ቼሎ፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር። እነሆ ዘጠኝ ዓመት። ሰው «የቼሎ ተጫዋች ሕይወት» ሲባል መጋረጃና ጭብጨባ ይታየዋል መሰለኝ። የኔ እንዲህ ነው፤ ቅዳሜ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር በሆቴል አዳራሽ ሰው ሹካና ቢላዋውን እያፋጨ እንጫወታለን። በሠርግ ወቅት ሙሽራ እናስገባለን፤ ሙሽራዋ ከዘገየች ያንኑ እየደጋገምን። ስቱዲዮ ተጠርቼ የአንድ ዘፋኝ ዜማ ሥር ሁለት ድምፅ ብቻ ጎትቼ እመለሳለሁ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ኮንሰርት ይኖረንና ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ያደምጡናል፤ ያ ቀን ለዓመቱ በሙሉ ይበቃኛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ። ሰባት ተማሪዎች በዚያ አንድ ቼሎ ተራ ይጠብቃሉ።

አባቴ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ስልክ ስደውል ጤና፣ ኑሮ፣ ዝናብ። እኔም አልነገርኳቸውም። ውሸቴ መካከላችን ተቀምጦ ነበር። ስለ ሥራዬ ላወራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ገዝተሽው?» ያሉት ትዝ ይለኝና እዘጋዋለሁ። ዕቃዬን የጠገኑልኝ ከአዘኔታ ነው፤ ድምፁን ግን መስማት አልፈለጉም፤ ይህን እንደ መጨረሻ ቃላቸው አድርጌ ይዤው ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤታችን መጣ። ቼሎውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በሆዱ ቀዳዳ መብራትና ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት አስገባ። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ። «ይህን ቦታ የጠገነው ማነው? በጣም ጥሩ እጅ ነው» አለ። አባቴ ናቸው አልኩ። «ያስጌጡበትስ?» አለኝ።

«ያስጌጡበት» የሚለው አልገባኝም። በመስታወቱ አጎንብሼ አየሁ። ብራናው ላይ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ ፊደል ነበር። በመስታወት ስለሆነ ተገልብጧል፤ የአባቴን እጅ ግን ተገልብጦም አውቀዋለሁ፤ «ወ»ያቸው ሆደ ሰፊ ናት። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ገልብጬ አነበብኩት። በቀይ ቀለም የክርስትና ስሜ ተጽፏል፤ ይህ የእርሷ ነው ይላል። ከሥሩ ደግሞ አባቴ ጽፈው በጨረሱት መጽሐፍ ሁሉ የመጨረሻ ቅጠል ላይ የሚያሰፍሯት ያቺ የታወቀች ቃል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ጠጋኙ ሲያየኝ አለቀስኩ። አባቴ ይህን ቃል በዋዛ አይጽፉትም። ለዳዊት ነው የሚጽፉት፣ ለገድል ነው የሚጽፉት፤ ሊጠበቅ ይገባዋል ላሉት ነገር። እኔ መቀነት ልለምን ስወጣ፣ ብርዕ አንስተው፣ ያን «የአዝማሪ ዕቃ» ከመጽሐፍ እኩል ጻፉለት። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙረው ለጠፉት፤ እኔ እንኳ እንዳላየው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እቅፌ ውስጥ ይዤው ስዞር የነበረው ይህን ነው።

ጠጋኙ «ልንቀለው ወይስ ልተወው?» ሲለኝ «ተወው» ካልኩት በኋላ ነው የቀረው ነገር ብልጭ ያለልኝ። የሰረቀው ይላል። ዕቃው የመንግሥት ነው። የራሴ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ እረፍት ደብረ ታቦር ሄድኩ። አባቴ አሁን መነጽር ያደርጋሉ፤ የሚጽፉትም ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ስትሞቅ ብቻ ነው። የስልኬን ፎቶ ከፊታቸው አርቀው ያዙት።

«እጄ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ያኔ አይንቀጠቀጥም ነበር። ማን አገኘው?»

«ጠጋኝ ነው። አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

«ምኑን?»

«የራሴ አይደለም። የመንግሥት ነው። በፊርማ ነው ያወጣሁት፤ እስከ ዛሬም የትምህርት ቤቱ ነው። እውነቱን ብነግርዎት አይነኩልኝም ብዬ ፈርቼ ነው።»

እናቴ ከበሩ ላይ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። አባቴ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ የሰረቅሽው አንቺ ነሻ።»

«እኔ ነኝ።»

«በገዛ እጄ ልጄን አስወገዝኩ።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ድረስ ሳቁ፣ እናቴም ተከተለች፣ እኔም። አባቴ በእኔ ነገር ሲስቁ የሰማሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም።

እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሥራው ገቡ። ለሳቸው ነገሩ የጽሕፈት ስሕተት ነው፤ መታረም አለበት። «መፋቅ አይቻልም። የፋቀውም ተወግዟል» አሉ። «ጸሐፊ ሲሳሳት ይጨምርበታል እንጂ አይቀድድም። ሌላ ብራና ጽፌ እሰጥሻለሁ፤ ከሥሩ ትለጥፊዋለሽ። የቀረውን ለንስሐ አባታችን ንገሪያቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ ፈቺ አይደለሁም።» ከቁርጥራጩ አንዷን መርጠው በጥፍራቸው አለሰለሷት። «ከአንቺ ሌላ ማን ይማርበታል?»

«ተማሪዎቼ።»

«ስንት ናቸው?»

በሕይወቴ ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ። «ሰባት» አልኩ።

«ስማቸውን አምጪ። የክርስትና ስማቸውን።»

ወደ አጥሩ ማዕዘን ሄጄ ለሰባቱም ደወልኩ። «መምህርት፣ ምን ሆነሽ ነው?» ያላለኝ የለም። ተመልሼ «አንዱ ሙስሊም ነው፤ የክርስትና ስም የለውም» አልኳቸው።

«እናቱ ያወጣችለት ስም የለውም?»

«አለው።»

«እሱን ነዋ።»

መጻፉ ሁለት ጠዋት ፈጀ። ለእሷና ለእነዚህ፣ ከእነሱም በኋላ ለሚማሩበት፣ ይላል። ሰባቱ ስሞች ከሥር ተደርድረዋል፤ መስመሩ እዚህም እዚያም ይንቀጠቀጣል። ከስሞቹ በታች አንድ አራት ጣት ባዶ ትተዋል። «ይሄስ?» ስላቸው «ይመጣሉ አይደል?» አሉኝ። ደረቅ ሙጫ በጨርቅ ቋጥረው ጨመሩልኝ። «እንዳይፈላ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

ልሄድ ስል መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሚኒባሱ እስኪሞላ አብረውኝ ቆሙ።

«ያኔ» አሉ ድንገት፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ማህሌት አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ከአጥሩ ጀርባ ነበርኩ። ሙጫው መያዝ አለመያዙ በጆሮ ነው የሚለየው።»

«ያዘ?»

«ከመጀመሪያው ነው የያዘ።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ ግን እስክትጨርሺ ቆምኩ። እንዴት ያለ ረጅም ነው! ቁሜ ቁሜ እግሬ ደንዝዞ፣ እናትሽ ናት በጓሮ በኩል ደግፋ ያስገባችኝ።»